በጸሎት ቃል ላይ የተጻፈው የጊታር ዜማ

ይሁኔ ዓለሜ፤

ከተለየኸኝ ሁለት ዓመት ሊሞላ አንድ ወር ቀረው። በሕይወት ሳለህ ደብዳቤ ጽፌልህ አላውቅም፤ ፍኖተ ሰላም ላይ በአንድ ጣራ ሥር ለምንኖር ባልና ሚስት ደብዳቤ ምን ያደርግልን ነበር። አሁን ግን ለሌላ ሰው የማልነግረው ነገር ገጠመኝና የስድስተኛ ክፍል ጽሕፈቴን ታግሰህ ስማኝ። መምህር ነህና ፊደል ስስት ማረም ያምርሃል፤ ለዛሬ ተወኝ።

መጀመሪያ የቤቱን ልንገርህ። የስፌት መኪናዬን ወደ መስኮቱ አዛውሬዋለሁ። አጥሩ ዳር የነበረው ባሕር ዛፍ ተቆርጦ ለትምህርት ቤቱ አዲስ ክፍል ማገር ሆነ። በአንተ ቦታ የተተካው መምህር ከደሴ የመጣ ዝምተኛ ሰው ነው፤ ሱሪውን እኔ ዘንድ ያሳጥራል። ቡሬ ያሉት እናቴ ይበቃሻል፣ ቤቱን ዝጊና ወደኛ ነይ እያሉ በየገበያው መልእክት ይልኩብኛል። ሬድዮህ ድምፁ እንደሻከረ ነው። ጊታሩ ግን የለም ማለት ይቻላል። ባለፈው ክረምት ጣራው አፈሰሰበትና ሙጫው ለቅቆ ፊቱ ከጎኑ ተላቀቀ፤ አንገቱም ጎበጠ። አናጢው አገላብጦ አየውና እህቴ ይኸ እንጨት አልቆለታል አለኝ።

ስለ ሬድዮው ሳነሣ አሁንም ሳቄ ይመጣል። እንግሊዛዊው መምህር፣ ተማሪው ሁሉ ሚስተር ብቻ ብሎ የሚጠራው፣ በአገሩ ካሉት ጊታር ተጫዋቾች አንዱ ድምፁ እንዲያጉረመርምለት ብሎ የድምፅ ማጉያውን በምላጭ ቀደደው ብሎ አጫወተህ። አንተም በማግሥቱ ምላጭ ይዘህ የሬድዮውን ሆድ ከፈትክ። ጊታርና ሬድዮው በምንም እንደማይገናኙ፣ ቤታችንም መብራት እንኳ እንደሌለው የነገርኩህ ከቀደድከው በኋላ ነበር። ከዚያ ወዲህ ዜና ሊሰሙ በመጡ ቁጥር ጎረቤታችን እማማ ጥሩ፣ ምነው ይኸ ሰውዬ ጉንፋኑ አልለቀው አለ እያሉ ለዜና አንባቢው ያዝኑለት ነበር።

ሚስተር በባትሪ የሚሠራ የሸክላ ማጫወቻና አንድ ካርቶን ሙሉ ሸክላ ነበረው። አንተን ከዘፈኑ እኩል የሚማርክህ በሸክላዎቹ ላይ የሚዘፍኑት የእንግሊዝ ልጆች ታሪክ ነበር። ጎረምሶቹ ገና መሣሪያ መግዛት ሳይችሉ በሻይ ሳጥን ላይ ክር ወጥረው፣ የልብስ ማሻ ቆርቆሮ እየፋቁ እንደጀመሩ፣ አንዱ ባንድ ገና ሳይጸና ፈርሶ ሌላ እንደሚቋቋም፣ ጊታር ተጫዋቹ ከአንዱ ወጥቶ ወደ ሌላው እንደሚገባ፣ ሁሉንም እንደ ዘመድ ወሬ ትነግረኝ ነበር። ከመካከላቸው አንዱ ጊታር ተጫዋች የባንዱ ስም በተነሣበት ሰሞን፣ ዘፈናችን ለገበያ ሲባል ጣፈጠ ብሎ ጥሎ ወጣ አልከኝ። ይኸን ስትነግረኝ ዓለም በቃኝ ብሎ ስለመነነ ሰው የምታወራ ትመስል ነበር። እኔ ግን ሞኝ ነው አልኩና ቀኑን ሙሉ አኮረፍከኝ።

ደብተሩን የጀመርከው ሚስተር አገሩ ሊገባ አንድ ወር ሲቀረው ነው። ከሸክላዎቹ በአንዱ ላይ ዘፋኙ ዝም ብሎ ጊታሩ ብቻውን የሚናገርበት ቦታ አለ። ሸክላው ከባለቤቱ ጋር ሊሄድ ነው፤ አንተ ደግሞ የፈረንጅ ኖታ አታውቅም። የምታውቀው አባትህ መሪጌታ ማንኩሳ ላይ ከልጅነትህ ጀምሮ ያስጠኑህን የቤተ ክርስቲያን የዜማ ምልክት ነው። ስለዚህ ከትምህርት ቤት እንደወጣህ ሚስተር ቤት እየሄድክ፣ የማጫወቻውን መርፌ እያነሣህ እየመለስክ፣ የጊታሩን ድምፅ በድፋትና በቅናት፣ በጭረትና በርክርክ ምልክቶች ጻፍከው። ምልክት ባዶ ቦታ ላይ አይሰቀልም ብለህ ደግሞ ከሥሩ በቃልህ የያዝከውን የግዕዝ ጸሎት ደረደርክበት። ቃሉን ተይው፣ ዋናው ከላይ ያለው ነው ብለህ ስትስቅ እኔ አማተብኩ።

ሚስተር ሸክላዎቹን ይዞ፣ አንተን ያስተማረበትን ጊታር ትቶልህ ሄደ። ከዚያ በኋላ አንተ ደብተሩን እያየህ ስትጫወት እኔ የስፌት መኪናዬን እረግጥልህ ነበር። ባንድ አራት ሰው ይፈልጋል፣ እኛ ሁለት ነን፣ ግን የኔ ከበሮ መቺ ልብስም ትሰፋለች እያልክ ትኩራራብኝ ነበር። ከአንተ ምት ጋር እሄዳለሁ ብዬ ያበላሸሁት እጅጌ ስንት ነው።

በዘውድ በዓል ዕለት ትምህርት ቤቱ ሜዳ ላይ ወጥተህ ተጫወትክ። አንዱ ክር ተበጥሶ የብስክሌት ፍሬን ሽቦ ተክተህበት ስለነበር በየመካከሉ ይጮኽብሃል፤ ተማሪው ግን አጨበጨበልህ። ወሬው በበነጋታው ማንኩሳ ገባ። የመሪጌታ ልጅ አዝማሪ ሆነ ተባለ። አባትህ ከዚያ ቀን ወዲህ ደጃችንን አልረገጡም። አንተም ሽማግሌ አልልክም አልክ። ሁለታችሁም ግትሮች ናችሁ፤ በመካከል የተጎዳሁት እኔ ነኝ።

በዓመቱ መስከረም ሲያልቅ ተማሪ እንድትመዘግብ ወደ ቆላው ላኩህ። የተመለስከው ወባ ይዞህ ነው። ዘጠኝ ቀን ብቻ። አባትህ ለቀብርህ መጡ፤ ፍትሐቱን ከዳር እስከ ዳር ቆመው አደረሱ፤ ቤት ሳይገቡ ግን በቅሏቸው ላይ ወጥተው ሄዱ። ፊታቸውን አይቼዋለሁ። ያለቀሱት ለሞትህ ብቻ አልነበረም። ልጄ ከቤተ ክርስቲያን ወጥቶ ነው የሞተ ብለው ነበር የሚያለቅሱት።

አሁን ወደ ጉዳዬ ልምጣ። ዜማው እየጠፋብኝ ነው። በመጀመሪያው ዓመት ሥራ ላይ ሆኜ ሙሉውን አንጎራጉረው ነበር። ባለፈው ሰኔ መካከሉ ጎደለብኝ፤ በሐምሌ መጨረሻውም ሄደ። በሬድዮው ጠበቅኩት። አንድ ቀን እንግሊዞቹ መጡ፤ ግን ዘፈኑ ሌላ ነው፣ ድምፃቸውም ተለውጧል። ያ አንተ የምትወደው ባንድም ፈርሶ ልጆቹ ተበትነው ይሆናል። ለሚስተር እንዳልጽፍ አድራሻው የለኝም። የቀረኝ ደብተሩ ነው፤ ምልክቱን ማንበብ የሚችል፣ እኔም ደጁ ልሄድ የምችለው አንድ ሰው ብቻ አለ።

ፍልሰታ እንደተፈታ ደብተሩን በነጠላዬ ጠቅልዬ ማንኩሳ ሄድኩ። አባትህ በቤተ ክርስቲያኑ አጥር ሥር ከተማሪዎቻቸው ጋር ተቀምጠው አገኘኋቸው። ጉልበታቸውን ስሜ፣ የልጅዎ ጽሑፍ ነው አባቴ፣ ያዜሙልኝ ብዬ ነው የመጣሁ አልኳቸው። ሌላ ምንም አላልኩም። ጥፋቴ ያ ነው። የጊታር ነው ካልኩ ሳይከፍቱ ይመልሱብኛል ብዬ ፈራሁ።

ደብተሩን ወደ ብርሃኑ አዙረው ምልክቱን በጣታቸው ተከተሉ። ከንፈራቸው ተንቀሳቀሰ። ከዚያ መቋሚያቸውን ይዘው ቆሙና ማዜም ጀመሩ። ይሁኔ፣ ያንተ ዜማ አይደለም። የጾም ዜማ ነው፤ ዝግ ያለ፣ ከባድ፣ የሚያምር። አንድ ቦታ ላይ ብቻ፣ አንተ ክሩን በጣትህ ገፋ አድርገህ የምታስለቅሰው ቦታ መሰለኝና ቀና አልኩ፤ ወዲያው ግን አለፈ። ለካ ምልክቱ ድምፁን አልያዘውም። ቀድሞ ለሰማው ሰው ያስታውሰዋል እንጂ ላልሰማው አይነግረውም። አንተ የጻፍከው ጊታር እየሰማህ ነው፤ እሳቸው ያነበቡት ዕድሜ ልካቸውን የሰሙትን ነው።

ሲጨርሱ ፂማቸው በእንባ ረጥቦ ነበር። አየሽ ልጄ፣ አሉኝ፣ ይኽን አካሄድ እኔ አላስተማርኩት፣ ከራሱ ነው ያወጣው። ሰው አዝማሪ ሆነ ሲለኝ እሱ ለካ ለአምላኩ ዜማ ይደርስ ኖሯል። እኔ ነኝ በዳዩ፣ ደጁን ያልረገጥሁ። እንዲህ ብለው ደብተሩን ሳሙት፤ ግንባራቸውንም አስነኩት። ተማሪዎቹ ተራ በተራ እየተነሡ ተሳለሙት። እኔ እውነቱ እንዳያመልጠኝ ነጠላዬን አፌ ላይ ይዤ ቆሜያለሁ፤ የማለቅስ መስሏቸዋል።

ቀጥለው ይኸ በሰው ቤት መቀመጥ የለበትም፣ ከዕቃ ቤት ይግባ አሉኝ። የቤተ ክርስቲያን ዕቃ ቤት ሴት እንደማትገባበት አንተም ታውቃለህ፤ ከገባ ዳግመኛ አላየውም። ለማስቀረት አንድ ቃል ይበቃኝ ነበር። ጊታር ነው ብል ደብተሩ ይመለስልኛል፤ እሳቸው ደግሞ አንተን እንደገና ይቀብሩሃል። ደብተሩን ደረታቸው ላይ አጥብቀው ይዘውት አየሁና እሺ አባቴ አልኩ።

ከዚያ ወዲህ ሁለት ጊዜ ቤታችን መጥተዋል። ስምህን እየጠሩ ያመሰግኑሃል። ሰፈሩም ሰምቶ፣ ባልሽ ለካ እንዲያ ያለ መንፈሳዊ ኖሯል ይለኛል። ከውስጤ እቆጣለሁ። እኔ ያገባሁት እነሱ የሚያወሩለትን ሰው አይደለም። ግን ለማን ልናገር? አንተንም ተቆጥቼሃለሁ፤ ያንን ዜማ በሌላ ቋንቋ ጽፈህ ሄድክብኝ።

ተስፋ አለኝ ብዬ አልዋሽህም። የቀሩኝ የመጀመሪያዎቹ ጥቂት ድምፆች ናቸው፤ እነሱንም በግድ ስጠራቸው ከአባትህ ዜማ ጋር ተደባልቀው ይመጡብኛል። የትኛው ያንተ፣ የትኛው የሳቸው እንደሆነ መለየት እያቃተኝ ነው። አባትህ ያንን ደብተር አምነው፣ ደስ ብሏቸው ይሞታሉ። ተማሪዎቻቸውም እንደ ነገሯቸው ይቀበሉታል። እኔም አፌን አልከፍትም። በዚህ አገር ያ ጽሑፍ የጊታር እንደሆነ የሚያውቅ ከእኔ ሌላ ሰው የለም። እስካለሁ ድረስ አልረሳውም፤ ይኸን ቃል እገባልሃለሁ። ከእኔ በኋላ ግን፣ ሜዳው ላይ ያጨበጨቡልህም ሲረሱት፣ አንተ ጊታር ተጫውተህ አታውቅም።

ባለቤትህ
የሻለም