ለአራት ወር የካርድ ክፍል ልምምዴ የቀረበ ምስጋና

ለተከበሩ የሆስፒታሉ ዋና ዳይሬክተር፣

እንደምን ከርመዋል? ጤናዎ፣ ቤተሰብዎ፣ ከስብሰባ ወደ ስብሰባ የሚያመላልሱዎት ጉልበቶችዎ ሁሉ ደህና እንደሆኑ ተስፋ አደርጋለሁ። እኔ በሆስፒታልዎ የማኅበራዊ ሥራ የመስክ ልምምድ እንዳደርግ ከዩኒቨርሲቲ የተላክሁት የመጨረሻ ዓመት ተማሪ ነኝ፤ ልምምዴን ባለፈው ዓርብ ስለጨረስሁ፣ ምስጋናዬን በሆዴ ይዤ ከምታመም በአደባባይ ላቀርብልዎ ወድጃለሁ።

፩. በቅድሚያ ስለተመደቡልኝ አሠልጣኝ አመሰግናለሁ። የሆስፒታሉ ብቸኛ የማኅበራዊ ሥራ ባለሙያ እሳቸው ስለሆኑና ስብሰባ ስለሚበዛባቸው፣ በየሳምንቱ ሥራዬን አይተው ሊፈርሙበት የሚገባውን ቅጽ፣ የአሥራ ስድስቱንም ሳምንት፣ በመጀመሪያው ቀን ባንድ ትንፋሽ ፈርመው አስረከቡኝ። ገና ላልገባ ወር «በትጋት ሠርታለች» ብሎ መጻፍ ለሁሉ የተሰጠ ጸጋ አይደለም። ነቢይ በአገሩ አይከበርም ይላሉ፤ እኔ ግን እጅ ነሥቻለሁ።

፪. ከሰው ጋር መሥራት ልማር መጥቼ ካርድ ክፍል ስለመደባችሁኝም አመሰግናለሁ። ካርድ አያለቅስም፣ አያኮርፍም፣ ማን ያስታምመኛል ብሎ አይጨነቅም፤ ለጀማሪ የሚመች ታካሚ ነው። አራት ወር ሙሉ ከመደርደሪያ እያወረድሁ ወደየክፍሉ ስሮጥ፣ ሐኪሞቹ ስሜን ለመጠየቅ ጊዜ ስላልነበራቸው «ካርድ!» እያሉ ይጠሩኝ ነበር፤ እኔም ምን ቸገረኝ፣ አቤት እላለሁ። ልጄ የሚሉኝ የካርድ ክፍሉ ሽማግሌ ሠራተኛ ብቻ ነበሩ፤ መሰላሉንም ይይዙልኛል።

፫. እዚህ ላይ ጨዋነቴ ሊያልቅብኝ ስለሚችል ከወዲሁ ይቅርታዎን እለምናለሁ። አልጋ ዘጠኝ ላይ የግራ ዳሌያቸው ተሰብሮ የተጠገነላቸው እማማ ተኝተው ነበር። አንድ ሰኞ ካርዳቸውን ላደርስ ስገባ የጋውኔን ጫፍ ይዘው አስቀመጡኝ። ካርዱ ላይ አስታማሚ ተብሎ የተጻፈው ሰው ከዓመት በፊት ለቆ የሄደ ተከራያቸው መሆኑን፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ብቻቸውን እንደሚኖሩ፣ የእህታቸው ልጅ ግን እሑድ ከሌላ ከተማ መጥታ እንደምትወስዳቸው ነገሩኝ። ወዲያው ግማሽ ገጽ ጻፍሁ፦ እባካችሁ እስከ እሑድ ይቆዩ። ዋና ነርሷ፣ ያለ አሠልጣኝ ፊርማ የተማሪ ወረቀት ካርድ ውስጥ አይገባም አሉ። አሠልጣኜ ታካሚን ስለማዳመጥ በተዘጋጀ የሦስት ቀን ዐውደ ጥናት ላይ ነበሩ። ወረቀቱን ይዤ ወደ ቢሮዎ ብመጣ፣ ጸሐፊዎ ደግሞ መጀመሪያ መዝገብ ቤት ቁጥር ይስጥሽ አለችኝ። መዝገብ ቤት ቁጥር የሰጠኝ ሐሙስ ነው፤ እማማ የወጡት ረቡዕ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ አሉ!

የአምቡላንሱ ሾፌር ከደረጃው ሥር አድርሷቸው ተመለሰ፤ የታዘዘው እስከ በር ነውና አልፈርድበትም። እማማ በክራንች ብቻቸውን ሊወጡ ሞከሩ። አሁን ተመልሰው እናንተው ዘንድ ናቸው፤ በዚህ ጊዜ የቀኙ ዳሌ ነው። ተናድጃለሁ፣ ክቡር ሆይ፤ በትሕትና ነው የምናገረው እንጂ በጣም ተናድጃለሁ።

፬. የልምምዴ ውጤት ትናንት ደረሰኝ። «የታካሚን የቤት ሁኔታ አጣርቶ መሸኘት» በሚለው ረድፍ ከአሥር አሥር አግኝቻለሁ። ያችን አሥር ይሰርዙልኝ። በምትኩ፣ በሚቀጥለው ወር የሚመጡት ሰባት ተማሪዎች ከታካሚ አፍ አንድ ነገር ሰምተው ሲጽፉ፣ አሠልጣኙ ባይኖሩ የዕለቱ ሐኪም አንብቦ የሚፈርምበት መንገድ ያብጁላቸው። ሌላ አልለምንም።

ረጅም ዕድሜና ሙሉ ጤና፣ የታመሙም እንደሆነ እስከ በር ሳይሆን እስከ መኝታዎ የሚያደርስዎ ሰው እንዲሰጥዎ እየተመኘሁ፣

ከማይቀንስ አክብሮት ጋር፣
የቀድሞ ተለማማጅዎ፣
ካርድ

ድኅረ ጽሑፍ፦ እማማን ቅዳሜ ሄጄ ጠየቅኋቸው። ይቅርታ ስላቸው እጄን ያዝ አድርገው፣ አይዞሽ ልጄ፣ ሥራ በዝቶብሽ ሳትነግሪያቸው ረስተሽ ነው፣ ቢነገራቸውማ ኖሮ እንዲህ አያደርጉኝም ነበር አሉኝ። ገና ስድስት ሳምንት በእጃችሁ ስለሚተኙ፣ ፈርተው እንዳያድሩ ብዬ፣ አዎ ረስቼ ነው አልኋቸው።