ግራሩ ላይ የቀረው ጠመንጃ

ለውድ ወንድሜ ለሙሉነህ አምሀ፤ ዶሎ ኦዶ

እንዴት ሰነበትክ ወንድምዬ? ሙቀቱስ እንዴት አደረገህ? ባለቤትህ እስከዳር ደህና ናት? ልጅህ ቃለአብስ አደገ? እኛ፣ ፈጣሪ ይመስገን፣ ከናፍቆትህና ከአንድ የፍርድ ቤት መጥሪያ በቀር ደህና ነን። መጥሪያው ያንተ ነው። አትደንግጥ፤ ቁጭ ብለህ አንብበው። በስልክ ያልነገርኩህ አባባ አጠገቤ ተቀምጠው እያንዳንዷን ቃል ስለሚያዳምጡ ነው።

እዚህ ነገሌ የጠመንጃ ጉዳይ ብቻ የሚያይ ልዩ ችሎት ተከፍቷል። ዳኛዋ ከክብረ መንግሥት የመጡ፣ ሳቅ የማያውቁ ሴት ናቸው። የመጀመሪያው ተከሳሽ ጎረቤታችን ጃታኒ ሆነ፤ በእህቱ ሠርግ ወደ ሰማይ ተኩሶ የሰፈሩን የመብራት ሽቦ በጠሰው። ሰፈሩ ሁለት ቀን መብራት አጥቶ ሲራገም ከርሞ፣ የቀጠሮው ዕለት ዋስ ልሁን ብሎ ግልብጥ ብሎ ወጣ። ታዲያ ትልቅ ሰው ለቁም ነገር ባዶ ትከሻውን አይሄድም ብለው፣ በጠመንጃ የተከሰሰን ሰው ሊያስፈቱ ጠመንጃቸውን አንግተው ሄዱ! አባባም ካፖርታቸውን ለብሰው ከፊት ናቸው። ዘበኛው ኩራ በር ላይ “ናጋ?” ብሎ በኦሮምኛ ሰላምታ ተቀብሎ፣ እንደ ሽማግሌ ስብሰባ ደንብ፣ መሣሪያውን ሁሉ ግቢው ውስጥ ካለው ግራር ላይ አሰቀላቸው።

ዳኛዋ በመስኮት ቢያዩ ግራሩ ላይ አሥራ አንድ ጠመንጃ ተንጠልጥሏል። ችሎቱን ወደ ውጭ አወጡና የማን ነው ቢሉ፣ ዋሶቹ ሁሉ ደመና ማየት ጀመሩ። ኩራማ ጠዋት ስገባም እዚያው ነበሩ አለ። ፈቃድ ያለው እያሳየ ወሰደ፤ የሌለው ተከሳሽ ሆኖ ዋስ አምጣ ተባለ። ይሄኔ ጃታኒ ብድግ ብሎ እኔ ዋስ እሆናቸዋለሁ አለ። ሳቅ የማያውቁት ዳኛ ፊታቸውን በመዝገብ ሸፈኑ።

በመጨረሻ አንድ ጠመንጃ ቀረ፤ አባባ አንግተውት የመጡት፣ በሠርግህ ማግስት መርቀው የሰጡህ፣ ፈቃዱንም በስምህ ያወጡልህ። አባባ ዋሽተው አያውቁም። ተነሥተው “የልጄ ነው፤ ዶሎ ኦዶ ነው ያለው” አሉ። ፈቃዱስ ሲባሉ “ልጁ ሲመጣ ይቀርባል” ብለው ተቀመጡ። የካቲት 12 አንተው ራስህ ፈቃድህን ይዘህ ካልቀረብክ ጠመንጃው ይወረሳል፤ አባባም የሰው መሣሪያ ይዘው በመገኘት ይከሰሳሉ።

እኔ ወረቀቱን ፍለጋ ሣጥን ስገለብጥ፣ እሳቸው ያንተን ክፍል ኖራ ያስቀባሉ፣ ፍየል ያስመርጣሉ። ትናንት ካፖርታቸውን ላራግፍ ኪሱን ብፈትሽ ፈቃዱ ተጣጥፎ እዚያው አለ፤ ያ የማያምርብህ ሪዝህ ያለበት ፎቶግራፍ ሳይቀር። ችሎት ፊት ሲቆሙም ኪሳቸው ውስጥ ነበረ ማለት ነው! መልሼ ከተትኩትና ሣጥን መገልበጤን ቀጠልኩ። አምስት ዓመት ሙሉ ሥራ በዛብኝ፣ መንገዱ ተበላሸ ስትል፣ አንድ ቀን ና ብለው አልለመኑህም፤ ኩራታቸውን ታውቀዋለህ። ሙሌ፣ ብቻዬን ሆኜ አለቀስኩ። ናና ምንም እንደማያውቅ ሰው አብረኸኝ ሣጥን ገልብጥ።

ታናሻችን ሀይማኖት፣ ባለሱቋ ቀድሪያ፣ በዋስ የተፈታው ጃታኒም ሰላም ብለውሃል። እስከዳርን ሳምልኝ። ቃለአብም ለምስክርነት ይፈለጋል ብለዋል አባባ። የአራት ዓመት ልጅ ስለ ጠመንጃ ምን ይመሰክራል ብላቸው፣ “አያቱን ይወቅና ይበቃል” አሉኝ።

እህትህ ብዙወርቅ አምሀ
ነገሌ ቦረና፣ ጥር 16 ቀን 2006 ዓ.ም.