ከፊላው በላይ ያለው ጉድጓድ

ዲላ
የካቲት 9 ቀን 1999 ዓ.ም.

ለምወድህ ልጄ ሙሐሲን፣

አሰላሙ አለይኩም። የጋምቤላ ሙቀት እንዴት ይዞሃል? ካምፓችሁ ስልክ ስለማይገባ ይህን የላክሁልህ በአክስትህ ልጅ በዚያድ እጅ ነው። ከጎንህ አይለይም፤ አብራችሁ ትመለሳላችሁ።

ከበረቱ ሥር ቆሻሻውን ውኃ እንዲያጣራ የተከልከው የፊላ ሣር ከሰው ቁመት በልጧል። የላሞቹ ሽንትና የበረቱ እጣቢ በጠጠሩና በሥሩ መሀል አልፎ ሲወጣ እንደ ድሮው አይሸትም። ከታች ያለው ጎረቤታችን ደጀኔ፣ ስንት ዘመን "ምንጬን አበላሻችሁብኝ" እያለ ቀበሌ ሲያመላልሰን የኖረው ሰውዬ፣ ባለፈው ወር አባትህን መንገድ ላይ አቁሞ "ኡስማን፣ ልጅህ ይባረክ፤ ምንጩ ጠርቷል" አለው። አባትህ ያን ቀን እራቱን በወጉ አልበላም፤ ስለ አንተ ሲያወራ።

ሰኞ ጠዋት እበቱ የሚዘቅጥበት ጉድጓድ ተደፈነ። ውኃው ፊላው ጋ መድረሱ ቀርቶ በጎን ሞልቶ ወደ ደጀኔ ምንጭ መውረድ ጀመረ። አባትህ ደንግጦ ክዳኑን አነሳ።

"ሙሐሲን ማንም እንዳይገባ ብሏል፤ ከላይ ሆነህ በእንጨት ጎርጉረው" አልኩት።

"እንጨቱ አልደረሰልኝም። ደግሞስ ልጄ ያሠራውን ጉድጓድ ልፈራ?" ብሎ ሳቀብኝ። አካፋውን ይዞ በመሰላሉ ወረደ። እኔ ባልዲ ላመጣለት ዞር አልኩ።

ስመለስ ግድግዳውን ተደግፎ ተቀምጧል። እበት ላይ ተቀምጧል ሙሐሲን! ብጠራው አይመልስም። አልጮኸም እኮ። አልተጣራም፣ አካፋው እንኳ ሲወድቅ አልሰማሁም። እስካሁን የሚያፈዘኝ እሱ ነው፤ ሰው እንዴት ያለ ድምፅ...

የጮኽኩት እኔ ነኝ። ደጀኔ ፊላውን እየጣሰ ደረሰ። ጩኸቴን ሰምተው የመጡት ጎረቤቶች "ተው፣ አትግባ!" ቢሉትም የላም ገመድ ወገቡ ላይ አስሮ ጫፉን ሰጣቸውና "ዝም ካልኩ ሳቡኝ" አለ። አባትህን በሌላ ገመድ ብብቱ ሥር አስሮ "በሉ!" ሲል ሰማሁት። አባትህ ሲወጣ ደጀኔ ዝም አለ። እሱንም ሳቡት።

ሁለቱንም በአንድ መኪና ሆስፒታል ወሰድናቸው። ሐኪሙ "እበት ሲታመቅ የሚያወጣው ጋዝ ነው፤ ሲነካኩት ይብሳል፤ ሰው ሳያውቀው ይጥላል" አለን። ደጀኔ ትናንት ወጥቷል፤ ያስለዋል፣ ግን ደህና ነው። አባትህ ግን አልነቃም፤ አርፏል።

እዚህ ላይ እስክሪብቶዬን አስቀምጬ ነበር። የደጀኔ ሚስት ዘርትሁን አጠገቤ ናት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ላሞቻችንን የምታልበው እሷ ናት።

"ጻፍሽለት?" አለችኝ።

"'ታሟል፣ ድረስ' ልበለው መሰለኝ።"

"ተይ ሀዲጃዬ። መንገዱን ሙሉ ተስፋ ይዞ መጥቶ ደጃችሁ ላይ ድንኳን አይይ።"

ስለዚህ የጻፍኩትን አልሰረዝኩም።

ትናንት ደግሞ ሌላ ድንጋጤ መጣብኝ። አጎቶችህ ከቡታጅራ ገብተው፣ ገና እንባቸው ሳይደርቅ ዶማ አንስተው "ይህን ሰው በላ ጉድጓድ እንደፍናለን፤ ፊላውንም እንነቅላለን" ብለው ተነሱ። ደጀኔ ከሆስፒታል በወጣበት ብርድ ልብስ እንደተጠቀለለ መጥቶ ፊታቸው ቆመ። እያሳለው፣

"ኡስማን የወረደው የኔ ምንጭ እንዳይበላሽ ነው። ከልጆቼ አፍ ቆሻሻ ሊመልስ ነው የወረደው። ጉድጓዱን ዝጉ፤ ፊላውን ግን የሚነካ በኔ ላይ ይለፍ" አለ።

ታላቁ አጎትህ ዶማውን ጥሎ አቀፈው። ሁለቱም እንደ ሕፃን አለቀሱ።

ልጄ፣ "የሠራሁት ሥራ ነው የበላው" ብለህ ራስህን እንዳትጎዳ። አንተ ነግረኸን ነበር። እኔም ነግሬው ነበር። አላህ የጻፈውን ማን ያልፈዋል።

መንገድ ላይ ምግብ አትተው፤ ዚያድ የሚሰጥህን ብላ። ስትደርስ በቀጥታ ወደ ቤት ና። ብቻህን እንዳትሄድ፤ አባትህ ጋ አብረን እንሄዳለን።

አላህ ያጽናህ፣ በሰላም ያግባህ።

እናትህ ሀዲጃ