ሰባተኛው ምሰሶ ሥር

ጥቅምት 4

የሰፊዋን እግር የሰበርኩት እኔ ነኝ።

ይኸው ጻፍኩት። አራት ዓመት ደብቄው የኖርኩት ነገር፣ ወረቀት ላይ ሲወጣ አንድ መስመር እንኳ አልሞላም።

ቀኑ እንደ ሌላው ቀን ነበር። ሁለት ጥንድ ሶል ለጠፍኩ፣ አንድ ዚፕ ቀየርኩ። ከሰዓት በኋላ ልብስ ሰፊዋ ግራ ጫማዋን ይዛ መጣች፤ ተረከዙ አልቆ። ግራ እግሯ ከቀኙ በሁለት ጣት ያጥራል። ሶሉን የማሳድግላት እኔ ነኝ። ዋጋ ተቀብያት አላውቅም።

"ጋሼ፣ እርስዎ ባይኖሩ እንደ ተሰበረ ወንበር በአንድ ጎን ዘምሜ ነበር የምቀረው። እግዜር ይስጥልኝ።"

እንዲህ ስትለኝ ወስፌው እጄ ላይ ይከብደኛል።

አሥራ አንድ ሰዓት ከአርባ ላይ ሳጥኑን ከፍቼ የመንገዱን መብራት አበራሁ፣ መዝገቡ ላይ ሰዓቱን ጻፍኩ። ሳጥኑ ያለው እኔ ቤት ግድግዳ ላይ ነው፣ መንገዱ እዚህ ስለሚጀምር። ከዘጠኝ ዓመት በፊት ምሰሶውን የተከለውም ገመዱን የዘረጋውም ሰፈርተኛው ራሱ ነው። አሥራ አንድ ምሰሶ፣ አንድ ማብሪያ፣ አንድ ቁልፍ። ቁልፉ እኔ ጋ።

ጥቅምት 5

ከአውራጃው ደብዳቤ መጣ። ጸጉር አስተካካዩ ቤት ተሰብስበን የሰፈሩ መብራት ኮሚቴ ሊቀመንበር መምህሩ አነበበልን። ጡረታ ከወጣ ቆይቷል፤ ሲያነብ ግን አሁንም ማነው የሚያወራው ብሎ ዞር ይላል።

ከኅዳር አንድ ጀምሮ የሁሉም ሰፈር የመንገድ መብራት ከአውራጃው በራሱ በሚሠራ ሰዓት ቆጣሪ ይበራል፣ ይጠፋል። የሰፈር ሳጥኖች ይታሸጋሉ። ቅሬታ ያለው ጥቅምት 22 ቀርቦ ያስረዳ።

"ከድልድዩ ማዶ ያሉትስ አስረክበው የለ?" አለ ጸጉር አስተካካዩ። "ሦስት አምፖል ከተቃጠለባቸው ስድስት ወር። አመልክቱ ይሏቸዋል፣ ያመለክታሉ። ማመልከቻ ቢያበራ ኖሮ ያ ሰፈር ዛሬ ፀሐይ ነበር!"

መምህሩ አልሳቀም። "ማስረጃ ነው የሚያስፈልገን። በዘጠኝ ዓመት ይህ መንገድ የጨለመው አንድ ጊዜ ነው። እሱም የእኛ ጥፋት አይደለም፤ ከላይ አውራጃው ነው ያቋረጠው። በመዝገብ ተጽፏል።" ወደ እኔ ዞረ። "የጻፉት እርስዎ ነዎት። ዋናው ምስክራችን እርስዎ ነዎት ማለት ነው።"

"እኔም እግሬን ይዤ እመጣለሁ" አለች ሰፊዋ። "መሐላ አያስፈልገውም።"

ሁሉም ሳቀ። እኔስ? ... ሳቅሁ። አዎ፣ ሳቅሁ።

ጥቅምት 6

ከጀመርኩ አይቀር እንዴት እንደሆነ ልጻፈው።

ሚስቴ አልጋ ከያዘች ስድስተኛ ወሯ ነበር። ሦስት ቀን ዓይኗ አልተከደነም። የመጀመሪያው ምሰሶ ብርሃን በመስኮታችን ገብቶ ፊቷ ላይ ያርፋል። አንሶላ ሰቀልኩበት፤ ዘልቆ ይገባል። "ያ መብራት ዓይኔን ወጋኝ። እባክህ አንዴ አጥፋልኝ" አለች። ማብሪያው አንድ ነው። የእኔን ደጅ ካጠፋሁ አሥራ አንዱም ይጠፋል።

ከምሽቱ ሁለት ሰዓት። ሰው ገና ከሥራ እየገባ ነበር። ለግማሽ ሰዓት ብቻ ብዬ አጠፋሁት።

ወዲያው ተኛች። እጄን እንደያዘች። እንዳልቀሰቅሳት ብዬ ሳልንቀሳቀስ ተቀመጥኩ... ከዚያ ጩኸት ሰማሁ።

መጀመሪያ ወደ ጩኸቱ አልሮጥኩም። መጀመሪያ ወደ ሳጥኑ ነው የሮጥኩት። አበራሁ። ሰዉ "መጣ! መብራት መጣ!" አለ። ሰፊዋ ሰባተኛው ምሰሶ ሥር ያለው ክፍት ቦይ ውስጥ ወድቃለች፤ ልታደርስ የያዘችው የሰው ልብስ ጭቃው ላይ ተበትኗል። ከተሸከሟት አንዱ እኔ ነበርኩ። አንድ ሰው "ከላይ ነው ያጠፉት፣ እነዚህ አውራጃዎች!" አለ። ማን እንደሆነ ዛሬም አላውቅም። ውሸቱን ሌላ ሰው ፈተለልኝ፤ እኔ ለበስኩት። ማታውኑ መዝገቡ ላይ ጻፍኩ፦ "ከ2፡00 እስከ 2፡40 ከላይ ተቋርጦ።"

አውራጃው "ያን ቀን ያቋረጥነው የለም" ብሎ ነበር። ማን ያምነዋል?

ሚስቴ ግን አወቀች። ከማረፏ በፊት "ንገራት" አለችኝ። እሺ አልኳት። እሺ ብዬ ቀበርኳት።

ጥቅምት 8

ጸሎቴ ዛሬም ግማሽ ላይ ቆመ። "ይቅር በለኝ" የሚለው ላይ ስደርስ ሁልጊዜ አቋርጣለሁ። ለእግዜር ስንት ጊዜ ነገርኩት! እሱማ ቀድሞም ያውቅ ነበር። የማታውቀው እሷ ናት።

ጥቅምት 11

መምህሩ መጥቶ ምን እንደምል አለማመደኝ። "ድምፅዎን ከፍ፣ ዓይንዎን ከወለሉ ላይ ነቀል" ይለኛል። ዓይኔ ወለሉ ላይ የሚወድቀው ለምን እንደሆነ ቢያውቅ...

ከሄደ በኋላ ራሴን ጠየቅሁ። ማጥፋቴ ለሚስቴ ነበር። እሺ። መዋሸቴስ ለማን ነበር? ለእሷ አይደለም፤ ተኝታ ነበር እኮ። ለራሴ ነው። አራት ዓመት ሁለቱን አንድ ላይ ጠቅልዬ በሟች ስም አሳበብኩ።

ጥቅምት 14

ጫማውን ጨርሼ ወሰድኩላት። በሯ ላይ ቆምኩ። "ይግቡ እንጂ ጋሼ" አለች። ስለ ደመናው አወራሁ። ስለ ደመናው! ተመለስኩ።

ፈሪ።

ጥቅምት 15

ነገርኳት።

ጠዋት፣ ሱቄን ሳልከፍት ሄድኩ። የስፌት መኪናዋን በቀኝ እግሯ ብቻ ትረግጣለች፣ ግራው ዳር ተቀምጦ ያያል። አልቀመጥም ብዬ ቆሜ አወጣሁት።

"ያን ቀን መብራቱን ያጠፋሁት እኔ ነኝ።"

"የቱን ቀን?"

"አንቺ የወደቅሽ ቀን።"

መኪናው ቆመ። "አውራጃው ነው እንጂ።"

"አይደለም እህቴ። እኔ ነኝ። መዝገቡንም ዋሽቼ ነው የጻፍኩት።"

ክሩን በጥርሷ ቆረጠች። "አራት ዓመት ሙሉ ጠዋት ስነሳ አውራጃውን ስረግም ነበር" አለች። "ያን ሁሉ እርግማን አሁን ማን ይመልስልኛል?" የሳቀች መሰለኝ። ሳቅ አልነበረም።

ለምን አለችኝ። ሚስቴን፣ መስኮቱን፣ አንሶላውን ነገርኳት።

"መጋረጃ አጣህ?" ብላ ጮኸች። "ሦስት ቤት አልፎ ልብስ ሰፊ ተቀምጣ፣ መጋረጃ አጣህ? ጥቁር ጨርቅ ድርብ አድርጌ በግማሽ ቀን አልሰፋልህም ነበር?"

አንተ አለችኝ። ከተዋወቅን የመጀመሪያው ነው።

በአራት ዓመት አንድ ቀን እንኳ መጋረጃ አላሰብኩም። ማብሪያው እጄ ላይ ነበረና ሌላ ነገር አልታየኝም።

"ሶሉንም ለዚህ ነዋ ስትለጥፍልኝ የኖርከው" አለች ቀስ ብላ። "እኔ ደግሞ ደግ ሰው ብዬ... ውጣልኝ።"

ወጣሁ። አሥራ አንድ ከአርባ ላይ እንደተለመደው አበራሁ።

ጥቅምት 17

ለመምህሩም ነገርኩት። መነጽሩን አውልቆ ጠረገ፣ አደረገ፣ ደግሞ አወለቀ።

"አራት ዓመት የቻሉትን አምስት ቀን መቻል አቃተዎት?"

"አቃተኝ።"

"ከሃያ ሁለት በኋላ ይናገሩ። ማን ከለከለዎት? ማስረጃችን እኮ ይኸው ብቻ ነው! ሰፈሩን አስነጥቀው ነው የሚጸድቁት?"

ይህቺ ወጋችኝ። መምህሩ ክፉ ሰው አይደለም። ልጆቻችንን ሁሉ ፊደል ያስቆጠረ ነው። የእኔ ነፍስ እንዲቀልላት መንገዱ ይጨልም? ብዬ ስጨነቅ ዋልኩ።

ጥቅምት 18

ሰፊዋ በደጄ አለፈች። ሳታየኝ። አረማመዷ ወደ ግራ አዘነበለብኝ... የሠራሁትን ጫማ አላደረገችም። አሮጌውን፣ ያልተለጠፈበትን አድርጋ ነው።

ከምትሰድበኝ ይህ ባሰብኝ።

ጥቅምት 19

ሱቅ ዘጋሁ። የዘጠኝ ዓመቱን መዝገብ አውጥቼ ከመጀመሪያው ገጽ አነበብኩ።

ጥቅምት ላይ ያበራሁት ሁልጊዜ ከአሥራ አንድ ተኩል እስከ ለአሥራ ሁለት ሩብ ጉዳይ ነው። ለምን? ኮረብታው ነዋ! ፀሐይ ለሌላው ሰፈር ገና ስትወርድ ለእኛ ኮረብታው ጀርባ ገብታለች። ደብዳቤው ግን ለሁሉም አሥራ ሁለት ከሩብ ይላል። ግማሽ ሰዓት ከዚያም በላይ ጨለማ፣ ያውም ሰው ሁሉ መንገድ ላይ ባለበት ሰዓት። ክፍት ቦይ ባለበት መንገድ። አውራጃው ይህን ከየት ያውቃል? እኔ እንኳ ሳላስተውለው ነው የጻፍኩት።

ከሦስት ሺህ መስመር በላይ አለ። ሐሰት የሆነችው አንዷ ናት። ያችን እንደ እውነት ይዤ ብቀርብ ሌላውን ማን ያምነዋል? መምህሩ ማስረጃ የሚለው ያችኑ ሐሰቷን ነው። ማስረጃው ግን የቀረው ነው።

እናገራለሁ። አልቋል።

ጥቅምት 21

ለመምህሩ የኮረብታውን ነገር በእርሳስ አስምሬ አሳየሁት። ረጅም ጊዜ አገላበጠ። "ያችኛዋን ግን ይዝለሏት" አለ። አልዘላትም አልኩ። "ግትር!" ብሎኝ ሄደ። በሩ ላይ ግን ቆመና "ነገ ሁለት ሰዓት ላይ እንገናኝ፣ እንዳያረፍዱ" አለ።

ጥቅምት 22

ስብሰባው ጠባብ ክፍል ውስጥ ነበር። ግድግዳው ላይ ካርታ፤ የእኛ መንገድ ካርታው ላይ ከክር ይቀጥናል። ኮረብታው የለም። ሰብሳቢዋ ወጣት ኢንጂነር ናት፣ የአውራጃውን መብራት የምትመራው እሷ ናት።

ሰፊዋ ቀድማ ከበሩ አጠገብ ተቀምጣለች። ሳላስበው እግሯን አየሁ። የሠራሁትን ጫማ አድርጋለች።

መምህሩ ስለ ኮረብታው ጥሩ አድርጎ አስረዳ። ስለዚያች ማታ አንድ ቃል አልተነፈሰም፤ ለእኔ ተወው። ተነሣሁ። መዝገቡን ኢንጂነሯ ፊት አስቀመጥኩ።

"ከማንበብዎ በፊት፣ አንድ መስመር ውሸት አለበት" አልኩ። "ከአራት ዓመት በፊት እናንተ አላቋረጣችሁም። መብራቱን ያጠፋሁት እኔ ነኝ። ሰው ተጎዳ። በእናንተ አሳበብኩ።"

ዓይኔን ከወለሉ አንሥቼ ነው ያልኩት። ጸጉር አስተካካዩ፣ ያ ቀልደኛ፣ አፉን ከፍቶ ቀረ።

"እንግዲህ" አለች ኢንጂነሯ፣ "ቁልፍ አንድ ሰው እጅ መሆን እንደሌለበት እርስዎ ራስዎ መሰከሩ።"

"እውነትዎን ነው። እኔ ልይዘው አይገባም" አልኩና ቁልፉን ጠረጴዛው ላይ አኖርኩ። "እዚህ ቢሆንም ግን አንድ እጅ ነው። የባሰ ሩቅ የሆነ። ሁለት ቁልፍ ይሁን፣ ሁለት ሰው ይያዘው፣ ለእያንዳንዱ ምሰሶ ማጥፊያ ይደረግለት። ኮረብታውንም መጥታችሁ እዩት።"

ያኔ ሰፊዋ ከኋላ ተነሣች።

"እኔ ነኝ የወደቅሁት" አለች። "እሱን ይቅር አላልኩትም፣ እንዳይመስላችሁ። ግን ያጠፋው ሰው ቤቴ መጥቶ እኔ ነኝ አለኝ። ዘግይቶም ቢሆን መጣ። እናንተ ያጠፋችሁብኝ ቀን በሬን የሚያንኳኳው ማነው?"

ኢንጂነሯ ብዕሯን አንሥታ የሆነ ነገር ጻፈች። ውሳኔው ከኅዳር አንድ በፊት በደብዳቤ ይደርሳችኋል አለች። ሐሙስ ደግሞ አሥራ አንድ ተኩል ላይ መጥታ ኮረብታውን ታየዋለች። ከዚህ በላይ ቃል አልገባችም።

"ዛሬስ ማታ ማነው የሚያበራው?" አለ ጸጉር አስተካካዩ። ለካ ማንም አላሰበውም። ሁሉም ቁልፉን ያያል፣ የሚነካው የለም።

ሰፊዋ እያነከሰች መጥታ አነሣችው። "እስኪወስኑ በጨለማ አንቀመጥም" አለች።

አሥራ አንድ ከአርባ ላይ ሳጥኑን የከፈተችው እሷ ናት። እኔ መሐል መንገድ ላይ ቆሜ አየሁ። ዘጠኝ ዓመት ፊቴን ወደ ግድግዳው አዙሬ ነው ያበራሁት፤ ከመንገዱ ሆኜ አይቼው አላውቅም። መጀመሪያ እንደ ፍም ይቀላል። ከዚያ ቀስ እያለ ይነጣል። ሰባተኛው ምሰሶ ሥር ያለው ቦይ አፉ ጥርት ብሎ ታየ።

ወደ ሳጥኑ ስጠጋ ሰፊዋ ከስብሰባው መልሰን ያመጣነውን መዝገብ ደረቴ ላይ ገፋችው። "የዛሬውን እኔ እጽፋለሁ። ያችኛዋን ግን አንተ ነህ የምታስተካክላት። አሁን። እያየሁህ።"

ሳጥኑ ላይ አስደግፌ ገጹን ገለጥኩ። "ከላይ ተቋርጦ" የሚለውን በአንድ መስመር ሰረዝኩት፤ እንዲነበብ አድርጌ እንጂ አላጠፋሁትም። ከሥሩ ጻፍኩ፦

"ከ2፡00 እስከ 2፡40 ያጠፋሁት እኔ ነኝ። ጫማ ሰሪው።"

ፈረምኩ።