ዪሩ ብላ ስትጣራ

ለወንድሜ፤

እንዴት ከርመሃል? ሚስትህና ልጆችህስ ደኅና ናቸው? እኔ ጉልበቴን ከማመሙ በቀር ደኅና ነኝ። ደብዳቤህን የጨው ነጋዴው አድርሶልኝ ራሴ አነበብሁት፤ መልሱንም ራሴ እየጻፍሁ ነው። ፊደል የቆጠርሁት ፀጉሬ ከሸበተ ወዲህ ስለሆነ በምጽፍበት የቀርከሃ ፍላጭ ላይ መስመሬ ቢጣመም አትሳቅብኝ። ለጸሐፊ ነግሬ የማስጽፈው ነገር አይደለም።

እናታችን ልትሞት እንደተቃረበች፣ «ዪሩ፣ ዪሩ» እያለችም እንደምትጣራ ጻፍህልኝ። የልጅነት ስምሽ ነው ወይ ብለህ ጠየቅኸኝ። አይደለም። ዪሩ የጎረቤታችን የሸማኔዋ ልጅ ናት። እኩያዬ ነበረች።

ከተማችን በተከበበችበት የበረዶ ወራት እናታችን ከየትም ፈልጋ የውሻ ሥጋ እየቀቀለች አዳነችኝ ብለሃል። ሕፃን ነበርህ፤ አልፈርድብህም። ውሻ ግን በዚያች ከተማ ገና ቅጠል ሳይረግፍ ነው ያለቀው። አባታችን ግንቡ ላይ ሞቷል፤ የጫማ ቆዳ እንኳ ቀቅለን ጨርሰናል። ማገዶ ጠፍቶ ሰው የሙታን አጥንት ያነድ ነበር።

አንድ ጠዋት እናታችን እጄን ይዛ ወደ ሸማኔዋ ቤት ወሰደችኝ። ሸማኔዋ ዪሩን ይዛ በር ላይ ቆማ ነበር። ዓይን ለዓይን አልተያዩም። እናታችን ዪሩን ይዛ ተመለሰች፤ እኔ እዚያው ቀረሁ። የተለዋወጡን በገዛ ልጅ ላይ እጅ ስለማይነሣ እንደሆነ የገባኝ በኋላ ነው።

ሸማኔዋ ቢላዋውን አጠገቧ አድርጋ አጠበችኝ። ፀጉሬን ስትፈታው ቅማል ወርሮታል። «እናትሽ ምን ዓይነት ዝርክርክ ናት? ሴት ልጅ እንዲህ ትተዋለች?» ብላ ተቆጣችና ትለቅምልኝ ጀመር። ለቅማ ስትጨርስ ቢላዋውን ማንሣት አቃታት። ልጇን ልትመልስ እኔን እየጎተተች ወደ ቤታችን ሄደች። በሩ ተቀርቅሯል። ስታንኳኳ እናታችን ከውስጥ፣ «ምነው አንቺ! ተስማምተን አልነበረም እንዴ? ሂጂ፣ ልጁን ትቀሰቅሽብኛለሽ» አለቻት። ከጣሪያችን ጢስ ይወጣ ነበር።

ሸማኔዋ በረዶው ላይ ተቀመጠች። ቆይታ ተነሣችና «ነይ እንግዲህ» አለችኝ። ከበባው ሲነሣ ወደዚህ አገር ይዛኝ መጣች፤ ሽመና አስተማረችኝ፤ እኔም ቀበርኋት። እስክትሞት ድረስ «አንቺ ልጅ» ነበር የምትለኝ። በስሜም በልጇም ስም ጠርታኝ አታውቅም።

«ለጎረቤት በማደጎ ሰጠችኝ ብለሽ አትቀየሚያት፤ መጥተሽ ተሰናበቻት» ብለሃል። አልመጣም። ቂም ቢሆን እንኳ ደግ ነበር፤ ከዚያ በር ከተመለስሁ ወዲህ ምንም አይሰማኝም።

ይልቅ በፀደይ ለአባቶቻችን ገንፎና መጠጥ ስታቀርብ ለዪሩ አንድ ጣባ ጨምር። ሳታገባ የሞተች ልጅ ከመሥዋዕቱ ድርሻ የላትም የሚልህ ቢኖር አትስማው። ከአንተ ሌላ መቃብር የላትም።

እናታችንም እንደገና «ዪሩ» ብላ ከተጣራች ዝም አትበላት። አንተ «አቤት» በላት። ከአንተ በቀር ማንም ሊላት አይችልም።

ጎተራህ አይጉደል። ልጆችህ ሲጠሩ ካሉበት ሁሉ አቤት ይበሉ።

እህትህ