ገብስ የገባበት እንጀራ

ፍኖተ ሰላም፣ ቅዳሜ የካቲት 15 ቀን 2017

ሚስቴ ትርንጎ ለለቅሶ ቡሬ ስለሄደች ዛሬ ጤፉን ወፍጮ ቤት የወሰድኩት እኔ ነኝ። ባለወፍጮው ጆንያውን ፈትቶ አየና፣ «ጋሼ፣ ገብሱንስ? እትዬ ሁልጊዜ ቀላቅለው ነው የሚያመጡት» አለኝ።

ገብስ! ስንዴና ገብስ አንጀቴን እንደሚያቆስሉት፣ ሕመሙ ዕድሜ ልኬን እንደማይለቀኝ፣ መድኃኒቱም እነዚህን እህሎች ጨርሶ መተው ብቻ እንደሆነ ሐኪሙ ሲነግረኝ ሚስቴ አጠገቤ ተቀምጣ ነበር። ከዚያ ወዲህ ጠላ አልቀመስኩም፤ በሶም ቆሎም ትቻለሁ። ሆዴን ግን ሲነፋኝና ሲያስቀምጠኝ ከረመ። በቀደም ባሕር ዳር ሐኪሙ «ደብቀው የሚበሉት ነገር ይኖር ይሆን?» ቢለኝ ተቆጥቼ ወጣሁ።

አመሻሽ ላይ ስትመለስ ጠየቅኋት። አልካደችም።

«እፍኝ ብጨምር ነው። ከስተህ ልታልቅ! ገብስ የእህል ንጉሥ፤ ያለ እሱ ሰው በምን ይቆማል?»

«ሐኪሙ ያለውን አልሰማሽም?»

«ሰምቻለሁ። እሱ ምን ቸገረው? ባሌን የምቀብር እኔ!»

ጠላት ቢያደርገው አይገርመኝም ነበር። እሷ ግን «በሞቴ» እያለች በእጇ ስታጎርሰኝ ነው የከረመችው። ሆዴን ይዤ ስቃትት ወገቤን የምታሸኝም እሷው ነበረች፤ ምክንያቱን እያወቀች።

ለራት ድንች ቀቅዬ በጨው በላሁ። አንዱን ልጣ ዘረጋችልኝ። አልተቀበልኋትም። ሳህኔ ጠርዝ ላይ አስቀምጣው ወደ ጓዳ ገባች።

ከእንግዲህ ጤፌን ራሴ አስፈጫለሁ። እንጀራ መጋገር ግን አላውቅም…