ቅዳሜ የሚበረው ክንፍ

ሰኞ፣ ግንቦት 3። ጠዋት 3፡00

ላፕቶፑ ዛሬም ሁለቴ ጠፋ። ሙቀት። ከሥሩ ያነጠፍኩት እርጥብ ፎጣ በግማሽ ሰዓት ክው ብሎ ደረቀ። የቆቦ ግንቦት እንኳን ኮምፒውተር ሰውም ያጠፋል። የአባዬ ማሽላ መጋዘን ገባሁ፣ ጆንያዎቹ መሃል። ቀዝቀዝ ይላል። አቧራው ግን!

ደብተሬ፣ ቅዳሜ ይበራል! ክንፉን እኔ ያሰላሁት አውሮፕላን። ትንሽ ነው፣ ማሳ ላይ መድኃኒት የሚረጭ። ሌሎቹ አ.አ. ሆነው ሠሩት፣ እኔ ከዚህ ሆኜ አየሩን አሰላሁ። ከተመረቅሁ ዓመት እንኳ አልሞላኝ። የሚያበሩት ካፒ. ታደለ ናቸው፤ ጡረታ የወጡ፣ ቀልደኛ። ባለፈው በስልክ፣ መሐንዲሷ፣ ስንት ላይ ነው የምትጥዪኝ አሉኝ። ፍጥነቱን ነገርኳቸው። ከዚያ ከቀነሱ ክንፉ መሸከም ይተዋል። ቅዳሜ በረራውን ሊያዩ በተጠሩት እንግዶች ፊት ዝቅ ብለው፣ ከኔ ቁጥር ትንሽ ብቻ ከፍ ባለ ፍጥነት፣ ቀስ ብለው ያልፋሉ።

ደስ ይለኛል።

ማክሰኞ፣ ግንቦት 4። ከቀኑ 9፡00

አባዬ ስክሪኑን አይቶ፣ ይኸ የዓሣ መረብ ነው እንዴ አለ። ነው ማለት ይቻላል አልኩት። በክንፉ ዙሪያ ያለውን አየር በመረብ እንከፋፍላለን፣ ኮምፒውተሩ በየዓይኑ ያሰላል። ሁሉን ቦታ ብናደቅቀው አያልቅም። ስለዚህ መረቡ ራሱ አየሩ የሚረበሽበትን ፈልጎ እዚያ ብቻ ዓይኑን ያደቅቃል። ያሰላል፣ ደግሞ ያደቅቃል። መልሱ መለወጥ ሲተው አበቃ። የኔ አምስተኛና ስድስተኛ ዙር ላይ አንድ ሆነ። ኮራ ብዬ ነው ያስረዳሁት።

አባዬ የጆንያ አፍ እየሰፋ፦ «ጠግቦ ነው የተወው፣ ወይስ ገበታው ተነሥቶበት?»

ሳቅሁ። እሱ ግን መልስ ይጠብቃል።

11፡30

ያ አላህ። ገበታው ተነሥቶበት ነው።

ባለፈው ወር ላፕቶፑ እንዳይግል ብዬ የዓይኖቹን ብዛት ገድቤ ነበር። ልኩ ሲሞላ ማድቀቅ እንዲያቆም። ረሳሁት! አምስተኛውና ስድስተኛው ዙር ያው አንድ መረብ ናቸው። ያው መረብ ያው መልስ ይሰጣል እንጂ ምን ሊሰጥ ነበር? እኔ ደግሞ ሪፖርቱ ላይ «መልሱ ረግቷል» ብዬ ጻፍኩ። ፈረምኩ።

ረቡዕ፣ ግንቦት 5። 8፡00

ገደቡን አነሣሁ። ያቺን ዝግተኛ በረራ ብቻ ከንጋት ጀምሮ አሰላሁ። ሰባተኛ ዙር፦ ክንፉ የሚሸከመው ቀነሰ። ስምንተኛ፦ ደግሞ ቀነሰ። ወደ ጫፉ በኩል አየሩ ከክንፉ ጀርባ ይላቀቃል። የድሮው መረብ እዚያ ሰፊ ስለነበር አላየውም። ክንፉ መሸከም የሚተውበት ፍጥነት በሰዓት ዘጠኝ ኪ.ሜ. ወደ ላይ ሄደ። ካፒቴኑ ቅዳሜ የሚያልፉበት ፍጥነት ከዚያ በታች ነው። ደግሞ ዝቅ ብለው! ክንፉ ቢከዳቸው ለማስተካከያ ቦታ የለም።

ለኢ/ር ዳዊት፣ ለቡድኑ መሪ፣ ደወልኩ። ስምንተኛው ላይ ረጋ ወይ አለኝ። አልረጋም አልኩ፣ እውነቱን። ካልረጋ ምኑን ልያዝ አለ። እንግዳ ተጠርቷል፣ ድንኳን ተተክሏል። ለካፒቴኑ እንዳትነግሪ፣ የሚጠራጠር አብራሪ ይብሳል። «አንቺ ደግሞ መርበድበድ ትወጃለሽ!» ብሎ ዘጋው።

ዳዊት ልክ ቢሆንስ? አንዴ የተሳሳትኩ ሁለተኛ ላለመሳሳቴ ምን ዋስትና አለኝ?

ሐሙስ፣ ግንቦት 6። 10፡00፣ ዋጃ

ዘጠነኛው ዙር መሃል ላይ ቆቦ መብራት ጠፋ። ጎረቤታችን ዋጃ ከተማ መብራት አለ ሲሉኝ ላፕቶፑን እንደ ሕፃን አቅፌ ሚኒባስ። ሻይ ቤት ሰካሁ። አጠገቤ ያሉ ሽማግሌ ስክሪኑን አጮልቀው፣ እናንዬ፣ ፊልሙ አይጀምርም ወይ ይሉኛል። ይጀምራል አባቴ፣ አልኳቸው።

የዘጠነኛው ዙር መልስ ወጣ። ሁለት ኪ.ሜ. ጨመረ። በድምሩ አሥራ አንድ። ለውጡ እያነሰ ነው፣ አቅጣጫው ግን አልዞረም። ተመልሶ እኔ ወዳልኩት ይወርዳል ብዬ ስጸልይ ነበር። አይወርድም።

አርብ፣ ግንቦት 7። 5፡00፣ ከጁሙዓ በፊት

ዳዊት አያነሣም። ሥዕሉንም ቁጥሩንም ላክሁለት፤ አይቶታል። ከዚህ በኋላ ማን ያሠራኛል? ገና አንድ ሥራ፣ እሱም በፊርማዬ የተበላሸ።

ለአባዬ ሁሉንም ነገርኩት። እንደ ልማዱ ይቀልዳል ብዬ ነበር። አልቀለደም። የሚያበሩት ሰውዬ ያውቃሉ ወይ አለ። አያውቁም። «ታዲያ እዚህ ጆንያ ላይ ተቀምጠሽ ለኔ ምን ትነግሪኛለሽ!» ተቆጣኝ፣ ወላሂ። ካደግሁ ተቆጥቶኝ አያውቅም።

5፡40

ደወልኩ። ካፒቴኑ በመጀመሪያው ጥሪ አነሡ፤ ቀልድ ጀምረው ነበር። አቋረጥኳቸው። የነገርኩዎ ፍጥነት ስህተት ነው፣ ስህተቱም የኔ ነው አልኩ። ቀስ ብለው እውነተኛው ስንት ነው አሉ። አሥራ አንድ ይጨምሩ፣ እዚያም ላይ እንደሚቆም አላውቅም። ዳዊት ያውቃል ወይ አሉ። ከረቡዕ ጀምሮ፣ አልኩ። ይኸን ቡድኑ ሁሉ በተሰበሰበበት በስልክ ደግመሽ ትያለሽ ወይ አሉኝ። እላለሁ አልኩ።

ለምን እላለሁ አልኩ! ስምንት መሐንዲስ ፊት!

5፡55

ስልኩ ይጠራል። ዳዊት ነው። ነግረውታል ማለት ነው። እፈራለሁ፣ ደብተሬ። ቢጮህም ቁጥሩን ደግሜ እነግረዋለሁ። «ምናልባት» የምትል ቃል አላስገባም። ሪፖርቱን ዛሬውኑ እሽራለሁ፣ በራሴ ስም። አሁን ላነሣው ነው።